ቅዳሜ የወፍ ቆጠራ ከልጆች ጋር፦ ሥራ ነው ወይስ ሽርሽር?

የቃሊቲዋ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን የወፍ ተመልካቾች ክበብ ለጥር ወሩ የውሃ ወፎች ቆጠራ ዘንድሮ ከነቤተሰባችሁ ኑ ብሎናል። ቦታው ቢሾፍቱ ነው፤ ጨለቅለቃና አጠገቡ ያሉት ሐይቆች። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ወፍ ካየች ምግብ አያምራትም። ትንሹ ስድስት ነው፤ እሱ ውሃ ካየ ድንጋይ መወርወር ነው የሚያምረው። ባለቤቴ ደግሞ "ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ዳክዬ መቁጠር ምን የሚሉት ጤና ነው?" ይላል። ይበል እንጂ መንገዱን የሚጠይቀኝም እሱ ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ክበቡ ውስጥ ክርክር ተነስቷል። አንዱ አባል "ቤተሰብ የመጣበት ቀን ለፎቶ ያምራል እንጂ ቁጥሩ አይታመንም። ቆጠራውን ለሚያውቁት ተዉላቸው" አለ። ሌላዋ "እንዲህ እያላችሁ እኮ ነው ሰው ያለቀው" ብላ ተነሳችበት። እኔ ሁለቱም እውነት ያላቸው ይመስለኛል። ከልጆች ጋር ቆጥራችሁ የምታውቁ እንዴት ነው የምታደርጉት? ቁጥሩስ የእውነት ለሆነ ነገር ይውላል?

ባለትሪፖዱ (ቢሾፍቱ)

እንኳን ወደ ሰፈሬ መጣሽ። ከቤተሰብ ጋር መቁጠር ይቻላል። ብቻ ሥራው ከመነሻው ይከፋፈል። ሁሉም ሰው መነጽር ይዞ "እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ!" የሚል ከሆነ ቆጠራ የለም።

እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው። አንድ ሰው ቴሌስኮፑ ላይ ይቆማል። ዓይኑን ሳያነሳ ከሐይቁ አንድ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሌላው ጫፍ እየጠረገ ይሄዳል። የሚያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ "አካፋ ምንቃሩ ዳክዬ፣ አርባ። ይብራ፣ ስድስት።" ሌላው ይጽፋል። ሦስተኛው በባዶ ዓይኑ ሰማዩን ይጠብቃል። ከተቆጠረው ወገን ተነስቶ ወዳልተቆጠረው ያረፈ መንጋ ካለ ይናገራል፤ አለዚያ አንዱ ዳክዬ ሁለት ጊዜ ይገባል።

ትልቋ ልጅሽ ጸሐፊ ትሁን። ልጆች ከትልቅ ሰው የተሻሉ ጸሐፊዎች ናቸው። ትልቅ ሰው "ይህችን አስታውሳታለሁ፣ በኋላ እጽፋታለሁ" ይላል፣ ከዚያ ሻይ ሲጠጣ ይረሳል። ትንሹን ሰማይ ጠባቂ አድርጊው። መንጋ ሲነሳ መጮህ የተፈቀደለት ሰው እሱ ብቻ ይሁን። በሌላ ጊዜ ዝም ማለት ይቀለዋል፤ አይተነዋል።

ብዙ ወፍ ሲሆን አንድ በአንድ አይቆጠርም። አሥር ትቆጥሪያለሽ፣ አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይንሽ ትይዣለሽ፣ በዚያ ልክ መንጋውን ትለኪያለሽ። መንጋው ከበዛ በመቶ። እቤት ተለማመዱት። ትሪ ላይ ሽምብራ በትኑ፣ ለሦስት ሰከንድ ብቻ አይታችሁ ገምቱ፣ ከዚያ ቁጠሩት። ሰው መንጋ ሲበዛ አሳንሶ የመገመት ጠባይ አለው። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ይወዱታል፤ ማታ ሽምብራው ተቆልቶ ይበላል።

ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ጠዋት ከሆነ ከምሥራቅ ዳርቻ ቁሙ። ከ4 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ሙቀቱም በቴሌስኮፕ ውስጥ ሁሉን ነገር ያንቀጠቅጠዋል፤ ያኔ የምትቆጥሩት ዳክዬ ይሁን ማዕበል አይታወቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ጨለቅለቃ ጥልቀት የለውም። ዝናቡ ጥሩ ከሆነ ሐይቅ ነው፣ ካልሆነ የከብት መስክ። ከተማውም እየተጠጋው ነው። ደርሳችሁ ውሃ ብታጡ ተናዳችሁ እንዳትመለሱ። "ውሃ የለም፣ የውሃ ወፍ ዜሮ" ብላችሁ ጻፉ። እሱም ቆጠራ ነው።

አቦል ጠጪው

ይቅርታ ግን ጤፍ እንዲህ ተሰቅሎ ሰው ወፍ ይቆጥራል? ተቆጥረውስ ምን ሊሆኑ ነው፣ ግብር ሊከፍሉ?

የባዮሎጂዋ (ሐዋሳ)

@አቦል ጠጪው፣ ግብሩንማ ይከፍላሉ። ከአውሮፓ የሚመጣው ነጭ ሽመላ አንበጣና ተምች ነው የሚለቅመው። አንተ ጤፉ ተሰቀለ ትላለህ፣ እሱ የጤፉን ጠላት ይበላል።

@የቃሊቲዋ፣ ቁጥሩ ለምን እንደሚውል ልንገርሽ። የጥር ወሩ ቆጠራ የዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ አካል ነው። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የሚያስተባብረው ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል ነው። ጥር የተመረጠው ከሰሜን የሚመጡት ወፎች በዚያ ሰሞን መንገዳቸውን ጨርሰው ስለሚያርፉ ነው። ሁሉም አገር በአንድ ሰሞን ሲቆጥር ዛሬ ዝዋይ የታየው መንጋ በወሩ ኬንያ ላይ እንደገና አይቆጠርም።

ከዚያ ሁለት መለኪያዎች አሉ። አንድ ሐይቅ በቋሚነት 20,000 የውሃ ወፍ ከያዘ፣ ወይም ከአንድ ዝርያ ጠቅላላ ቁጥር 1 በመቶውን ከያዘ፣ በዓለም ደረጃ ቦታ አለው ይባላል። እነዚህን ቁጥሮች ማንም ቢሮ ተቀምጦ አያገኛቸውም። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበር በ1996 እ.ኤ.አ. ለወፎች አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ሲያወጣ ከእጁ ያለው ነገር ሰዎች ሜዳ ወጥተው የጻፉት ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ በጣም ስለምወደው ነው። ሻላና አብያታ ጎን ለጎን ያሉ ሐይቆች ናቸው። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ዓሣ ግን እዚህ ግባ የሚባል የለውም። መሐሉ ላይ ግን ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ ነጭ ፔሊካኖች ይራቡ ነበር። ዓሣውን የሚያመጡት ከአብያታ ነው። እንቁላሉ እዚህ፣ ምሳው እዚያ። አብያታ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ለሶዳ አሽ (ብርጭቆና ሳሙና ለመሥራት ለሚውለው ማዕድን) ውሃው ይሳብ ነበር፤ ወደ እሱ የሚፈሰውም ወንዝ ላይኛው ላይ ለመስኖ ይጠለፋል። ውሃው ሲቀንስ ጨውነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ደግሞ ሻላ ላይ የነካቸው ሰው ሳይኖር ጎጆአቸውን ትተው ሄዱ። ሁለቱንም ሐይቅ በየዓመቱ የሚቆጥር ሰው ባይኖር አንዱን ከሌላው ማን ያገናኘው ነበር?

አቦል ጠጪው

እሺ፣ ተምች ከበላ ይቆጠር። የፔሊካኑ ነገር ግን አሳዘነኝ።

ያ አንዱ አባል (አዲስ አበባ)

የተጠቀሰው "አንዱ አባል" እኔ ነኝ። ታማሁ ብዬ አልቆጣም፤ ግን ሐሳቤ በትክክል አልተጻፈም። ልጆችን አልጠላም፣ የራሴም አሉኝ።

እኔን የሚያሳስበኝ የሰው ብዛት ነው። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ከሚኒባስ ወርዶ፣ በር እየዘጋ፣ ቀይ ጃኬት ለብሶ ወደ ዳርቻው ሲሄድ ወፉ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ የሚቆጠረው በግምት ነው። የዘንድሮው ቁጥር ባለፈው ዓመት ካየነው ቢያንስ፣ ወፉ ቀንሶ ነው ወይስ እኛ አባረን? መልስ የለንም። መረጃ የሚበላሸው እንዲህ ነው፣ በማንም ክፋት ሳይሆን።

ሁለተኛ፣ ጭራሽ ቤተሰብ የማይሄድባቸው ቦታዎች አሉ። የበርጋን ረግረግ ውሰዱ። ነጭ ክንፍ ያላት ፍላፍቴል የምትባል ትንሽ ወፍ በክረምት እዚያ ረግረግ ሣር ውስጥ ነው እንቁላል የምትጥለው። ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለች ናት። ሣሩ ውስጥ የገባ እግር ጎጆውን ሳያየው ይረግጠዋል። "ልጆቼ ብርቅዬ ወፍ ይዩ" ብሎ በሐምሌ ወደዚያ የሚወስድ ሰው ወፍ ወዳድ ነው ለማለት ይቸግረኛል።

የቃሊቲዋ

ወንድሜ፣ አንተ መሆንህን አላወቅሁም፣ አሁን ግን የበለጠ ገባኝ። ስለ ብዛቱ ትክክል ነህ። ታዲያ ሠላሳውን ሰው አምስት ቦታ ብንከፍለውስ? ቢሾፍቱ እኮ ሐይቅ በሽ ነው።

ባለትሪፖዱ

ይከፈላል። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ እና ጨለቅለቃ። የእሳተ ገሞራዎቹ ሐይቆች ገደላቸው ቁልቁል ስለሆነ ከላይ ሆነው ይታያሉ፤ ወፉም ሰው አይሰማም። ልጆች የያዙ ቡድኖች እነዚያን ይውሰዱ። ጨለቅለቃ ሜዳ ነው፣ መደበቂያ የለውም፤ እዚያ ሦስት ሰው ይበቃል።

የአሌክሳንድሪያዋ (ቨርጂኒያ)

እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ። የገና የወፍ ቆጠራ የሚባል አለ። በየዓመቱ ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 5 ነው። የኛ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ያበቃል፤ ስለዚህ ጾም ላይ ነን፣ ፈረንጆቹ ቸኮሌት ሲያዞሩ እኔ ቆሎዬን አወጣለሁ። አሁን ቆሎው ከወፉ በላይ ታዋቂ ሆኗል።

የተጀመረው በ1900 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በገና ቀን ሰዎች በቡድን ወጥተው ወፍና አውሬ በመግደል ይወዳደሩ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፍ አዋቂ "ከምንገድል እንቁጠር" አለ። በመጀመሪያው ዓመት የቆጠሩት 27 ሰዎች ነበሩ። አሁን ወገን በሙሉ ነው የሚወጣው። አያት፣ ልጅ፣ ጋሪ ውስጥ ያለ ሕፃን።

ታዲያ ቁጥሩ እንዴት ይታመናል? የሚቆጠረው ቦታ 24 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ በየዓመቱ ያው ነው፣ አይለወጥም። ጀማሪ ሁሌ ከአዋቂ ጋር ይመደባል። ወፉ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት ቆጠራችሁ፣ ስንት መንገድ ሄዳችሁ፣ ስንት ሰው ነበራችሁ የሚለውም ይጻፋል። አንድ ዓመት አሥር ሰው፣ ሌላ ዓመት አርባ ሰው ቢወጣ በልኩ ይካካሳል። እንግዲህ የልጆች መኖር ችግር የሚሆነው ካልተጻፈ ብቻ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ እንደጠፋ አሳይቷል። የተሠራው በአብዛኛው እንደኛ ያሉ ሰዎች በቅዳሜያቸው በሰበሰቡት ቁጥር ነው። የሚገርመው ደግሞ የጠፋው ብርቅዬው አልነበረም። አብዛኛው ድንቢጥና መሰሎቿ ናቸው፤ ማንም ዞሮ የማያያቸው። ብርቅዬ የሚያሳድድ ሰው ድንቢጥ አይጽፍም። ልጆች ግን ይጽፋሉ። ለነሱ ድንቢጥም ወፍ ናት።

እኛ ከልጆች ጋር የምንሄደው ሃንትሊ ሜዶውስ ነው። ረግረጉ ላይ የእንጨት መንገድ አለው፣ ጋሪ ይገፋበታል። የመጀመሪያውን ቀን ቀላል ቦታ ምረጡ እላለሁ።

ሁላ (ሃይፋ)

ስለ ክሬን (የሕንፃውን አይደለም፣ ባለ ረጅም እግሩን ወፍ) አንድ ነገር ልበል። እዚህ በሰሜን የሁላ ሸለቆ የሚባል አለ። በፈረንጆቹ ክረምት (በእናንተ በጋ) ግራጫ ክሬኖች በአሥር ሺዎች ያርፉበታል። የገበሬውን እርሻ እንዳያጠፉ በቆሎ ይበተንላቸዋል። ሰው በእግሩ ከቀረበ ይነሳሉ፣ ትራክተር ግን አይፈሩም፤ ስለዚህ ጎብኚውን ተሳቢ ላይ ጭነው በትራክተር መሐላቸው ያስገቡታል። ልጆቼ ከወፉ ይልቅ ትራክተሩን ወደዱት፤ ምን ይደረግ።

የማወራው ለምን መሰላችሁ? ከነዚህ ክሬኖች ከፊሎቹ እዚህ አይቀሩም፣ ኢትዮጵያ ድረስ ይወርዳሉ። በሳተላይት የተከታተሏቸው አሉ፤ ከኢስቶኒያ ተነስተው እናንተ ጋ የከረሙ። ቢሾፍቱና ሱሉልታ አካባቢ ማሳ ላይ ስታዩአቸው እግራቸውን ተመልከቱ። ባለቀለም ቀለበት ካለ ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል፣ የግራ እግርና የቀኝ እግር ለይታችሁ ጻፉ። ግራ ማለት የወፉ ግራ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። አንድ ወፍ የት ተወልዶ የት እንደከረመ ከዚያች ወረቀት ይታወቃል።

ጡረተኛው (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ወፉን ተውትና ሰውን ላንሳ። የመስክ ሥራ የሚፈርሰው በወፍ አይደለም።

ከክበቡ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ። በአንድ ወቅት ከአንድ ግድብ ዳር ጥበቃዎች ግማሽ ቀን አቁመውናል። መነጽርና ትሪፖድ ያየ ጥበቃ ወፍ እያየህ ነው ብሎ አያስብም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላስብም። ስትደርሱ በመጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ደብዳቤ፣ ከዚያ ቴሌስኮፑን ለራሱ አሳዩት። ዳክዬዋን አንዴ ካያት ወዳጅ ነው። እረኞችንና ዓሣ አስጋሪዎችንም እንዲሁ። ውሃው መቼ እንደሸሸ፣ ወፉ የት እንደሚያድር ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከውጭ መነጽር የምታስመጡም ከመግዛታችሁ በፊት ስለ መግቢያው ፈቃድ ጠይቁ።

ቆጠራው ቅዳሜ ይሁን። እሑድ ካላችሁ ቅዳሴ የሚሄደው ቤተሰብ ይቀራል። የጥምቀትን ሰሞንም አስቡበት፤ ከከተራ ጀምሮ ውሃ ዳር ሁሉ ሕዝብ ነው፣ የሚቆጠር ወፍ አይኖርም።

ስልካችሁን ከፍታችሁ የወፍ ድምፅ አታጫውቱ። ወፉ ባላንጣ መጣብኝ ብሎ ጎጆውን ትቶ ይወጣል። ጎጆ ፎቶ አታንሱ። አባ ሳሙኤልን የምትመርጡ ካላችሁ፣ ወፍ ሞልቶታል፣ ነገር ግን የከተማው ቆሻሻ የሚወርድበት ውሃ ነው። እምቦጩም ዳርቻውን ሸፍኖታል። ልጅ እጁን እንዳይነክር። ሳሙናና ጀሪካን ውሃ ያዙ።

ፔርሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኮፍያ። የቢሾፍቱ ብርድ ጠዋት ይሸነግላል፤ 3 ሰዓት ላይ ልጁ ጃኬቱን ጥሎ ፀሐይ ይመታዋል።

የቃሊቲዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የደብዳቤውን ነገር ማንም አላሰበውም ነበር። ለሊቀመንበራችን ነግሬዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፣ ለልጅ ምን ዓይነት መነጽር ይሻላል? ባለቤቴ 20 እጥፍ የሚያቀርብ ካልሆነ አልገዛም ብሏል።

ባለትሪፖዱ

እሱን አስቁሚው። 20 እጥፍ በእጅ ተይዞ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። 8 በ32 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ) ቀላል ነው፣ ለልጅ አንገት አይከብድም። ለትልቅ ሰው 8 በ42። ለስድስት ዓመቱ ምንም አትግዢ፤ ቴሌስኮፑ ላይ በወንበር እናቆመዋለን።

መረጃ አራሚው (አዲስ አበባ)

ከቆጠራ በኋላ ወደ ኢበርድ (የታየ ወፍ የሚመዘገብበት መተግበሪያ) የሚገባውን ስለማይ አንድ አቤቱታ አለኝ። እባካችሁ ሰዓት! መተግበሪያው የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የጀመረ ሰው በእጁ "1፡00" ብሎ ሲያስገባ እኔ ጋ የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት ሆኖ ነው። ፔሊካን በድቅድቅ ጨለማ ሲንሳፈፍ አየሁ የሚል ዝርዝር ስንት ጊዜ መለስኩ መሰላችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ማለት 7፡00 ነው። ቀኑም እንዲሁ፤ ጥር 10 ጃንዋሪ 10 አይደለም።

ሌላው፣ መጨረሻ ላይ "የለያችሁትን ወፍ ሁሉ መዝግባችኋል?" ይላችኋል። ቁራውንም፣ ጭልፊቱንም፣ ርግቡንም ከጻፋችሁ ብቻ "አዎ" በሉ። "አዎ" ያለ ሰው ያልጻፈው ወፍ እዚያ እንዳልታየ እናውቃለን። የሚያምረውን ብቻ መርጦ የጻፈ ሰው ዝርዝር ይህን አይነግረንም።

ቁጥሩን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ደግሞ ግምታችሁን ጻፉ። "ብዙ" የሚል ቁጥር የለም። ዝርያውን ካላወቃችሁ "ዳክዬ፣ ያልተለየ" በሉ። ስልኩ በድምፅ ገምቶ የሰጣችሁን ስም ወፉን ሳታዩ እንዳታስገቡ።

ያ አንዱ አባል

ከላይ ያለውን አንብቤ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። ቡድኑ ይከፈል፣ ሰውና ሰዓት ይመዝገብ። ጨለቅለቃን ግን እኔና ሁለት ሰዎች እንይዛለን፣ ያለ ልጆች። በዚህ አልደራደርም።

የቃሊቲዋ

ያለ ልጆች የሚለው ላይ ልጄ ቅር ብሏታል። የክሬን ቀለበት ላነብ ነው ብላ ደብተር ገዝታለች።

ያ አንዱ አባል

ደብተር ከገዛችማ ትምጣ። ጸሐፊ ያስፈልገኛል። ቀይ ጃኬት ግን አይሆንም።

የባዮሎጂዋ

እኛ ሐዋሳ ላይ በዚያው ቅዳሜ እንወጣለን። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ አባ ኮዳ ለመቁጠር ማንም ሰው ልምድ አያስፈልገውም፤ እሱ ራሱ ነው መጥቶ አጠገባችሁ የሚቆመው። ሐዋሳ ዘመድ ያላችሁ ልጆቹን ላኩልን።

አቦል ጠጪው

ከቆጠራው በኋላ ቡና ካለ እኔም ልመጣ እችላለሁ። መነጽር የለኝም።

ባለትሪፖዱ

ሰማይ ጠባቂ መነጽር አያስፈልገውም፤ ከስድስት ዓመቱ ጋር ትመደባለህ። አለቃህ እሱ ነው።

ሁላችሁም ሆራ መግቢያው ጋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። የሀበሻ ቀጠሮ አይሠራም፤ የዘገየ ያለ ቡድን ይቀራል።

የቃሊቲዋ

ሚኒባሱ በኮንትራት ተይዟል። ከቃሊቲ 11 ሰዓት ይነሳል፣ ሁለት ቦታ ቀርቷል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ባለቤቴ ደግሞ አሁን ትሪ ላይ ሽምብራ እየቆጠረ ነው፤ ከልጁ ጋር ተጣልተዋል።